ሹምና ሣቅ

በቀድሞ ዘመን በአገራችን የነበሩ ነገሥታትና መኳንንት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ ሹመት የማይሻ፥ በርስት የማይከራከር፥ ከብቱን ይዞ በሜዳ የሚውል ሕፃን ስለ ሆነ፥ በአዳራሽ ውስጥ ማንም ደፍሮ የማይናገረውን ነገር እርሱ በዜማ አድርጎ ለተራራው ይነግረዋል። ብልህ ሹም የእረኛውን ዘፈን በሰማ ጊዜ ራሱን ይመረምራል፤ ሰነፍ ሹም ግን እረኛውን ያስገርፋል።

ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት ስለ እንግሊዞች እረኛ ነው። የእነርሱ እረኛ በሜዳ የሚዘፍን ሕፃን አይደለም፤ በየሰው ቤት በሚገኘው በቴሌቪዥን መስተዋት ውስጥ ሆኖ፥ በሚኒስትሮችና በጸሐፊዎች፥ በምክር ቤት አባሎችና በጳጳሳትም ላይ ሳይቀር የሚያሥቅ የጨዋታ ዐይነት ነው። እኔም እንዲህ ያለውን ጨዋታ በወጣትነቴ አይቼ ወደድሁት፤ እስከ ዛሬም እወደዋለሁ። ነገር ግን ያንጊዜ የወደድሁበት ምክንያትና ዛሬ የምወድበት ምክንያት አንድ አይደለም። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ልዩነት ነው። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

በ1986 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ፥ በብርዱ ወራት፥ በትምህርት ምክንያት በሎንዶን ከተማ ነበርሁ። ያደርሁበት ቤት ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሐሙስ ማታ በሆነ ጊዜ የሻዩን ማንቈርቈሪያ ጥደው፥ ሁለት ወንበር ወደ እሳቱ አስጠግተው፥ «ና ልጄ፤ ሰዓቱ ደረሰ» ብለው ይጠሩኝ ነበር። የምናየው ጨዋታ ስሙ «አዎን፥ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆይ» ይባላል፤ ይኸውም «አዎን፥ ሚኒስትር ሆይ» ከሚባለው፥ ከ1980 እስከ 1984 ከታየው ጨዋታ የቀጠለ ነው። እኔ እንግሊዝኛውን ገና በደንብ ስላልለመድሁ፥ አንዳንድ ጊዜ እርሳቸው ሥቀው ከጨረሱ በኋላ እኔ መሣቅ እጀምር ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ግን ነገሩ ከነከነኝና «እመቤቴ፥ በገዛ አገርዎ ሹማምንት ላይ እንዲህ አድርጎ መሣቅ ነውር አይደለምን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ዐይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፥ «እኔ የምሥቀው በሹማምንቱ አይደለም፤ በሟቹ ባሌ ነው» አሉኝ። ባላቸው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት የኖረ ሰው ነበረ። ንግግሩና ሳሉ፥ ዶሴውን የሚይዝበት እጁ ሳይቀር በጨዋታው ውስጥ እንዳለ ነገሩኝ። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ይህን ቃል የአንዲት ሽማግሌ ሴት ትዝታ አድርጌ ተውሁት። ወርቁ የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ጨዋታውን የጻፉት አንቶኒ ጄይና ጆናታን ሊን የተባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል በ1979 ተዘጋጅቶ ሳለ የሕዝብ ምርጫ ቀርቦ ስለ ነበረ፥ ቢ.ቢ.ሲ. የተባለው ድርጅት ምርጫው እስኪያልፍ ድረስ አቈይቶ በ1980 አሳየው። ሁለቱ ጨዋታዎች ባንድነት ሲቈጠሩ 38 ክፍሎች ናቸው። ጸሐፊዎቹ ነገሩን ከራሳቸው ልብ ብቻ ያፈለቁት አይደለም። ሪቻርድ ክሮስማን የተባለ ሚኒስትር ስለ ሹመት ዘመኑ የተወውን የዕለት ማስታወሻ አንብበዋል፤ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በሃሮልድ ዊልሰን ዘመን በውስጥ ሆነው ካገለገሉ ሰዎችም ጠይቀው ተረድተዋል። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የማይታመን የሚመስለው ነገር፥ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ የተገኘው ነው።

ዋና ዋናዎቹ ሰዎች ሦስት ብቻ ናቸው። ፖል ኤዲንግተን የሚጫወተው ጂም ሃከር ሕዝብ የመረጠው ሚኒስትር ነው፤ ኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል። ናይጀል ሆውቶርን የሚጫወተው ሰር ሃምፍሪ አፕልቢ፥ ሚኒስትር ሲሾምና ሲሻር ከቦታው የማይነቃነቅ ዋና ጸሐፊ ነው። ዴሬክ ፎልድስ የሚጫወተው በርናርድ ዉሊ ደግሞ የሚኒስትሩ የቅርብ ጸሐፊ ነው፤ ነገር ግን ዕድገቱ በሰር ሃምፍሪ እጅ ስለ ሆነ፥ ለሁለት ጌቶች መገዛት እንዴት ያለ መከራ መሆኑን በየቀኑ ይቀምሰዋል። ሦስቱም ተጫዋቾች ዛሬ በሕይወት የሉም። ሚኒስትሩ ከየትኛው ፓርቲ እንደ ሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነገርም። የጨዋታውም ብልሃት በዚህ ነው፤ የሚናገረው ስለ አንድ ወገን ሳይሆን፥ በወንበርና በወንበሩ ላይ በተቀመጠው ሰው መካከል ስላለው ነገር ነውና።

የሰር ሃምፍሪን ንግግር ለአንባቢ እንዴት አድርጌ ልግለጸው? ሚኒስትሩ አንድ አጭር ነገር ሲጠይቀው፥ እርሱ አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ይጀምራል፤ ሐረጉ በሐረግ ላይ ይደራረባል፥ «ይሁን እንጂ»ው «ምንም እንኳ»ውን ይወልዳል፤ በመጨረሻ ላይ ሲደርስ ሰሚው መጀመሪያውን ረስቶታል። በአገራችን ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ሊቁ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያወጣዋል። የሰር ሃምፍሪ ንግግር ግን ሁለመናው ሰም ነው፤ ቢያቀልጡት ከውስጡ የሚወጣ ወርቅ የለም። የተነገረውም እንዲገባ አይደለም፤ ጠያቂው ደክሞት ጥያቄውን እንዲተው ነው እንጂ።

ከክፍሎቹ ሁሉ በልቤ የቀረው በ1981 የታየው የሆስፒታሉ ነገር ነው። ሚኒስትሩ አንድ አዲስ ሆስፒታል ከተሠራ አሥራ አምስት ወር እንደ ሆነው፥ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ሠራተኞች እንዳሉት፥ ነገር ግን አንድ በሽተኛ እንኳ እንዳልገባበት ይሰማል። ተቈጥቶም ዋና ጸሐፊውን ይጠይቀዋል። ጸሐፊው ግን ነውሩ ከቶ አይታየውም። ሠራተኞቹ ሥራ ፈት አይደሉም፤ ሒሳብ ይይዛሉ፥ ዕቅድ ያወጣሉ፥ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፥ ወለሉን ያጥባሉ። እንዲያውም ሆስፒታሉ በንጽሕናው ምክንያት የሽልማት እጩ ነው። በሽተኛ የሌለበት ሆስፒታል እንዴት አይነጻ! አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ቈም ብለህ አስብ፤ ምእመን የራቀው ደብር፥ ተማሪ የሌለው ትምህርት ቤት፥ ባለ ጉዳይ የማይደርስበት ጽሕፈት ቤት፥ መዝገቡ የተስተካከለና ምንጣፉ የጸዳ ሆኖ አላየህምን?

ካህናት አንባቢዎች ደግሞ የጳጳሱን ሹመት ነገር ቢያዩት ይገረማሉ ብዬ አምናለሁ። በእንግሊዝ አገር ጳጳስን የሚሾመው ንጉሡ ወይም ንግሥቲቱ ነው፤ ስሙን የሚያቀርበው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ይህ ክፍል በ1986 በታየ ጊዜ እኔ ከወይዘሮዪቱ ጋራ ተቀምጬ አየሁት። ለአንድ ሀገረ ስብከት ሁለት ስሞች ይቀርባሉ። አንደኛው ዘመናዊ የተባለ ቄስ ነው፤ ሰር ሃምፍሪ ሲተረጕመው ግን በእግዚአብሔር መኖር የማያምን ማለት ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው ደግሞ በእግዚአብሔር ያምናል፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ከዘውድ መለየት አለባት የሚል ነው። በቤተ መንግሥት ሚዛን ከሁለቱ የሚከፋው ይኸኛው ነው። በመጨረሻ ወንበሩን ያገኘው ሦስተኛ ሰው ሲሆን፥ የደገፉት የኮሌጁ ሰዎች ያሰቡት ለመንጋው የሚሆን እረኛ ለማግኘት አልነበረም፤ ከኮሌጃቸው እንዲሄድላቸው ነበር እንጂ። በዚያን ሌሊት ከልቤ ሣቅሁ። በማግሥቱ ጧት ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ፤ በታሪኩ ውስጥ ከገቡት ሰዎች ሁሉ ስለ ምእመናኑ ነፍስ አንድ ቃል የተናገረ አልነበረምና።

ከዚህ በአንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የታየው ክፍል ግን ከሣቅ ይልቅ ቍጣ አመጣብኝ። በሩቅ አገር አንዲት ትንሽ ደሴት በጠላት ልትወረር ሆነ። የውጭ ጉዳይ ሹሙና ሰር ሃምፍሪ፥ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የሚሠሩበትን የአራት ደረጃ ብልሃት ይናገራሉ። በመጀመሪያው ደረጃ ምንም ነገር አይደርስም ይባላል። በሁለተኛው፥ ምናልባት ይደርስ ይሆናል፥ እኛ ግን ልንነካው አይገባንም ይባላል። በሦስተኛው፥ ልናደርግ ይገባን ነበር፥ አቅሙ ግን የለንም ይባላል። በአራተኛው፥ ልናደርገው የምንችለው ነገር ነበረ፥ አሁን ግን ጊዜው አለፈ ተብሎ ይደመደማል።

ወይዘሮዪቱ ሣቁ፤ እኔ ግን አልሣቅሁም። አባቴ በማይጨው ዘምቶ የተመለሰ ሰው ነበረና፥ በልጅነቴ በእሳት ዳር የነገረኝ ትዝ አለኝ። በ1935 ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ የመንግሥታት ማኅበር ወራሪውን ፈረደበት፤ ነገር ግን የመኪናውና የአውሮፕላኑ ሕይወት የሆነውን ዘይት አልከለከለውም። እንግሊዝም የሱዌዝን ቦይ አልዘጋችበትም። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ከላቫል ጋራ ሆኖ አገራችንን ለመቍረስ የተማከረው ምክር በታኅሣሥ ወር ተገለጠና ሚኒስትሩ ከሹመቱ ወረደ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1936 በጄኔቫ ቆመው አቤት ባሉ ጊዜ፥ የመርዙ ጢስ በሠራዊቱ ላይ ዘንቦ ካበቃ ወራት አልፎት ነበር። አራቱ ደረጃ ማለት እንግዲህ ለእኔ ጨዋታ አልነበረም፤ የአባቴ ቍስል ነበረ። «እንዲህ ናቸው» ብዬ በልቤ ፈረድሁባቸው። ይህን ፍርድ አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህ ዐይነት ጨዋታ ከዚህ በፊትም ከዚህም በኋላ የተሠሩ ብዙዎች ናቸው። በ1962 ዴቪድ ፍሮስት የተባለ ወጣት የመራው የሳምንቱን ወሬ በቀልድ የሚተች ጨዋታ ብዙ ሹማምንትን አስደንግጦ ነበር፤ ነገር ግን 1964 የምርጫ ዓመት ነው ተብሎ በ1963 መጨረሻ ቀረ። ከ1984 እስከ 1996 ድረስ ደግሞ የሹማምንቱን መልክ አጋንነው በተሠሩ አሻንጉሊቶች የሚጫወቱት ነበር። በዚያም ውስጥ ዴቪድ ስቲል የተባለው የፓርቲ መሪ ትንሽ ድንክ ሆኖ በባልንጀራው በዴቪድ ኦወን የደረት ኪስ ውስጥ ይታይ ነበር፤ እርሱም ራሱ ይህ ምስል በሕዝብ ዘንድ እንደ ጐዳው ኋላ ተናግሯል። ሣቅ እንግዲህ ጥርስ አለው።

ከ2005 እስከ 2012 ድረስ በታየው፥ አርማንዶ ያኑቺ በደረሰው ጨዋታ ውስጥ ደግሞ ኀይለኛው ሰው ሚኒስትሩም ዋና ጸሐፊውም አይደለም፤ የጋዜጦችን ወሬ የሚጠብቀው ማልኮም ተከር የሚባል የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎሌ ነው። ሚኒስትሮቹ በጋዜጣ ላይ የሚወጣባቸውን ቃል እንጂ ሌላ ነገር አይፈሩም። ከጨዋታው የወጣ፥ ሁሉም ነገር ከየአቅጣጫው መበላሸቱን የሚገልጽ አንድ አዲስ ቃል በ2012 የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ ኤድ ሚሊባንድ በምክር ቤት መንግሥቱን ሊነቅፍበት ተናገረው፤ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትም የዓመቱ ቃል ብሎ መረጠው። ነገር ግን በዚህ ጨዋታ ስድቡ እንደ በረዶ ስለሚወርድ፥ በልጆቼ ፊት አልከፍተውም። በ1980ው ጨዋታ ሰዎቹ በሐር ገመድ ይተናነቃሉ፤ በ2005ቱ በድንጋይ ይፈናከታሉ። ሁለቱም ስለ አንድ በሽታ የሚናገሩ ቢሆኑም እኔ የሐሩን እመርጣለሁ፤ ሰው በጨዋ ቃል የሚሠራው ክፋት ለመለየት ይበልጥ የሚያስቸግር ነውና፥ ትምህርቱም ይበልጣል።

እንግዲህ ወደ አንድ ከባድ ጥያቄ እመጣለሁ። ይህ ሁሉ ሣቅ ምን ጠቀመ? «አዎን፥ ሚኒስትር ሆይ»ን ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ጠቅላይ ሚኒስትርዋ ማርጋሬት ታቸር ነበሩ። እንዲያውም በጃንዋሪ 1984 ጨዋታው ሽልማት በተቀበለበት ቀን፥ ከሁለቱ ተጫዋቾች ጋራ ቆመው አንድ አጭር ጨዋታ ራሳቸው ተጫወቱ። በዚያ ጨዋታ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ሁሉ እንዲሻሩ ያዝዛሉ፤ ሰር ሃምፍሪ የተማረውም ያንኑ ሆኖ ይገኛል። በዚያ የነበሩ ሁሉ ሣቁ፤ ደራሲው ጆናታን ሊን ግን ሽልማቱን ሲቀበል በጠቅላይ ሚኒስትርዋ ላይ የቀለደው ቀልድ ከጨዋታው ይበልጥ ይወሳል። ሹሙ ከሚሥቁበት ሰዎች ጋራ ተቀምጦ ሲሥቅ፥ ቀስቱ ዒላማውን መታ ወይስ ዒላማው ቀስቱን በእጁ ያዘው? በ1961 በሎንዶን የቀልድ ቤት የከፈተው ፒተር ኩክም፥ አርአያው የሂትለርን መነሣት አጥብቀው የከለከሉት የበርሊን የቀልድ ቤቶች እንደ ሆኑ ይናገር ነበር ይባላል። ነገሩ ምፀት መሆኑን አንባቢ ያውቀዋል።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን የመጀመሪያውን ቴአትራችንን በእንስሳት ምሳሌ አድርገው የመንግሥቱን ሥራ ጕድለት በገለጡ ጊዜ፥ ጨዋታው ተከለከለ። አንዱ አገር ቀልደኛውን ከለከለ፥ ሌላው ሸለመ። መሸለም ከመከልከል እንደሚሻል አልጠራጠርም፤ የተሸለመ እረኛ ነገም ይዘፍናልና። ነገር ግን ሽልማት ብቻውን ሹሙን ያቃናል ብሎ የሚያምን ካለ ተሳስቷል። ይህንም የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

ወደ አገሬ ከተመለስሁ ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት የአንድ ክፍል ኀላፊ ሆንሁ። የእንግሊዞቹን ጨዋታ በካሴት ይዤ መጥቼ ስለ ነበረ፥ እንግሊዝኛ የሚያውቁ ባልንጀሮቼን በበዓል ቀን እየጠራሁ አሳያቸው ነበር። ሁላችንም እንሥቅ ነበር። በመሥሪያ ቤታችንም እያንዳንዳችን ሌላውን በስውር «ሰር ሃምፍሪ» ብለን እንጠራው ነበር። ራሱን በዚያ ስም የጠራ ግን አንድም አልነበረም።

በዚያ ዘመን አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሴት ወደ እኔ ይመላለሱ ነበር። ባላቸው በዘበኝነት ያገለገለ ሰው ሲሆን፥ ጡረታውን ለማግኘት የአገልግሎቱ ዘመን በእኛ በኩል ተረጋግጦ እንዲጻፍላቸው ነበር የለመኑት። መጀመሪያ በመጡ ጊዜ «እማማ፥ አይሥጉ፤ ነገሩ በሂደት ላይ ነው፥ ምንም አይጐድልብዎትም» አልኋቸው። ከሁለት ወር በኋላ በመጡ ጊዜ «በዶሴው ውስጥ የጐደለ ወረቀት ያለ ይመስላል፤ ቢሆንም መቸኰል ነገሩን ያበላሸዋልና የመዝገብ ቤቱ ሹም ከዕረፍት እስኪመለስ ይታገሡ» አልኋቸው። በሦስተኛው ጊዜ «እውነትዎን ነው፥ ፍርዱ የርስዎ ነው፤ ነገር ግን ሥልጣኑ የእኛ አይደለም፥ የበላይ ክፍል ነው» አልኋቸው። ክፉ ሰው ሆኜ አልነበረም። ጠረጴዛዬ በወረቀት የተሞላ ነበረ፤ የምናገረውም ቃል ሁሉ በየራሱ እውነትነት ነበረው። ሴትዮዋም ከሰማይ ዝቅ ብለው ከመሬት ከፍ ብለው እየለመኑ፥ ዐሥራ አንድ ወር ደጅ ጠኑ።

በሐምሌ ወር መጀመሪያ ላይ ደግሞ መጡ። በጽሕፈት ቤቴ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ስድስት ሰባት ባለ ጉዳዮች ተቀምጠው ነበር፤ በሩም ክፍት ነበረ። እኔ ከመጽሐፌ ቀና ብዬ ገና አፌን ሳልከፍት፥ ሴትዮዋ ወደ ተቀመጡት ሰዎች ዘወር ብለው፥ «እንግዲህ ዛሬ ምን እንደሚሉኝ ልንገራችሁ? በሰኔ መጥተው ቢሆን ኖሮ ይቻል ነበር፤ አሁን የበጀቱ ዓመት ተዘግቷልና ጊዜው አለፈ ይሉኛል» አሉ። ቍጣ አልነበረባቸውም፤ እንዲያው እንደ ለመዱት የዳዊት ምዕራፍ አወረዱት። በአግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎችም ሣቁ።

ያን ሣቅ አወቅሁት። በሎንዶን ከተማ፥ በእሳቱ ዳር፥ ሐሙስ ማታ የሰማሁት ሣቅ ነበረ። ልናገር ያዘጋጀሁት ቃልም ከተናገሩት ቃል አንዲት ፊደል የራቀ አልነበረም። አራተኛው ደረጃ ነበረ። አባቴን በጄኔቫ ያቈሰለው፥ እኔም «እንዲህ ናቸው» ብዬ የፈረድሁበት ብልሃት፥ ከእንግሊዝ አገር መጥቶ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ወይስ ከየትም አልመጣም፤ ወንበር ባለበት ሁሉ የሚበቅል አረም ነው።

አንድ ቃል ሳልናገር ተነሥቼ ዶሴውን በእጄ ይዤ ወደ መዝገብ ቤት ወረድሁ፤ ከዚያም ወደ በላይ ክፍል ወጣሁ፤ ማኅተሙ እስኪመታ ድረስ በጸሐፊው ራስጌ ቆምሁ። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ የጀመርሁት ሥራ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ዐሥራ አንድ ወር የፈጀው ነገር የሦስት ሰዓት ሥራ ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤውን በሰጠኋቸው ጊዜ ሴትዮዋ ትከሻዬን ስመው «ዕድሜዎን ያርዝመው፤ እንደርስዎ ያለውን አያሳጣን» ብለው መረቁኝ። አንባቢ ሆይ፥ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። የማይገባኝን ምርቃት ተሸክሜ ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ እስከ ዛሬም አልወረደልኝም።

በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደምናነበው፥ ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በገባ ጊዜ ኀጢአቱን በፊቱ አልዘረዘረበትም፤ ብዙ በግ ያለው ባለጠጋ የድኻውን አንዲት በግ እንደ ቀማ ምሳሌ አድርጎ ነገረው። ዳዊትም ተቈጥቶ በዚያ ሰው ላይ መልካም ፍርድ ፈረደ። ስለ ሌላ ሰው ሲሆን ሁላችንም መልካም ዳኞች ነን። ምሳሌው የተፈጸመው ግን ሰውዬው ራሱ ዳዊት መሆኑ በተነገረው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ተረት ብቻ ነበረ። ከዚያ በኋላ ግን ንጉሡን ከዙፋኑ አውርዶ በመሬት ላይ አስተኛው።

የእንግሊዞቹም ጨዋታ እንደዚሁ ነው። ለብዙ ዓመት እኔ የዳዊትን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ስሠራ ኖርሁ፤ በሩቅ አገር ሹማምንት ላይ እየሣቅሁ በመልካም ፈረድሁ። ሌላውን ግማሽ የሠሩልኝ ስለ ሰር ሃምፍሪ ከቶ ሰምተው የማያውቁ፥ ነጠላቸውን ተከናንበው በደጃፍ የተቀመጡ አንዲት ሴት ናቸው። ከዚያም ወዲህ የሎንዶንዋ ወይዘሮ የነገሩኝ ነገር ገባኝ። እርሳቸው የሣቁት በገዛ ቤታቸው፥ ሠላሳ ዓመት በአንድ ማዕድ በበሉት ሰው ላይ ነበረ። ስለዚህ ሣቃቸው ከእንባ ጋራ ነበረ። እኔ የሣቅሁት ግን በሰው ቤት ነበርና እንባ አልነበረበትም።

ካሴቶቹ ዛሬም በሣጥኔ ውስጥ አሉ፤ የሚያጫውታቸው መሣሪያ ግን ከተበላሸ ቈይቷል። ልጆቼ ያንኑ ጨዋታ በስልካቸው አውጥተው ያሳዩኛል፤ አሁንም እሥቃለሁ፤ መሣቅም ኀጢአት አይመስለኝም። ነገር ግን ሰር ሃምፍሪ ያን ረጅም ዐረፍተ ነገሩን ሲጀምር፥ ዐይኔ ከመስተዋቱ ወደ በሩ ዘወር ይላል፤ በአግዳሚው ላይ ማን እንደ ተቀመጠ ለማየት። በክህነትም ሆነ በመንግሥት ሥራ ወንበር የተሰጠን ሁሉ፥ እረኛው ምን እንዳለ ለመስማት ጆሮውን፥ የተባለውም ስለ እኛ መሆኑን ለማወቅ ልቡናውን እግዚአብሔር ያድለን።